ስለ ሯጮች የእግር ዐጥንት መሰንጠቅና ስለ ማግኔት ሕክምና

ሩጫ በአገራችን ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንጀራም ክብርም ከሆነ ብዙ ዘመን ዐልፏል። ዛሬ ማለዳ ተነሥቶ የሚሮጥ ወጣት ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለው ቤት የልጁ እግር የቤተ ሰቡ ሁሉ ተስፋ ነው፤ ስለዚህም እግሩን ያመመው ቀን የሚያዝነው እርሱ ብቻ አይደለም፤ አባትም እናትም አብረውት ይታመማሉ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ሽማግሌ አባት በምንሠራበት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ለሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር። ጉዳያቸው ከተፈጸመ በኋላ ከመሄዳቸው በፊት ቆም አሉና፤ «ልጄ ሯጭ ናት። ቅልጥሟን ካመማት ሁለተኛ ወሯ ነው፤ ዐጥንቷ ተሰንጥቋል ብለውናል። አሁን ደግሞ በማግኔት የሚያድን መኪና አለ፥ ቶሎ ያስሮጣታል የሚሉን ሰዎች መጡ። ዋጋው ከዐቅሜ በላይ ነው። በሬዬን ልሽጥ ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኛ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለንምና ወዲያው ለመመለስ አልደፈርንም። ነገር ግን በሬ የሚያሸጥ ጥያቄ ያለ መልስ ሊቀር አይገባም ብለን፥ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር የጻፉትን አነበብን። ያገኘነውንም እንደዚህ አባት ለተጨነቁ ቤተ ሰቦች ሁሉ ይጠቅማል በማለት ከዚህ በታች እንጽፋለን። ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ከምንናገረው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዐጥንት ጥቂት እንናገር። ብዙ ሰው ዐጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት ይቈጥረዋል። ዐጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፥ ዘወትር የሚፈርስና ዘወትር የሚታደስ ሕያው አካል ነው። በውስጡ ሁለት ዐይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ያረጀውንና የተጐዳውን ክፍል እየቈፈሩ ያወጣሉ፤ ሁለተኞቹ በተቈፈረው ስፍራ አዲስ ዐጥንት ይሞላሉ። ቈፋሪዎቹ ሥራቸውን በጥቂት ሳምንት ይፈጽማሉ፤ ሞልተው የሚያጠነክሩት ግን ሦስት ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ዩልዩስ ቮልፍ የተባለው የበርሊን ሐኪም በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ዐጥንት በሚሸከመው ሸክም ልክ ራሱን እንደሚያበጅ አስረድቷል፤ ሸክም የበዛበት ይወፍራል፥ ሸክም የተነሣለት ይሳሳል።

እንግዲህ ሯጩ ልምምዱን ቀስ በቀስ ቢጨምር ዐጥንቱም አብሮ ይጠነክራል። ነገር ግን በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረ ሰው በድንገት 80 ቢሮጥ፥ ወይም ከለመደው ለስላሳ መሬት ወጥቶ ዘወትር በአስፋልት ላይ ቢሮጥ፥ ቈፋሪዎቹ የሚሞሉትን ይቀድሟቸዋል። በመካከሉ ዐጥንቱ ደካማ ሆኖ ይቈያል፤ በዚያ ድካም ላይ የየዕለቱ ርግጫ ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ይህ ስንጥቅ በአንድ መውደቅ ወይም በአንድ ምት የመጣ አይደለም፤ ከብዙ ሺሕ ርምጃ የተጠራቀመ ነው። ሯጮችን አብዝቶ የሚይዛቸው በቅልጥም ላይ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ባሉት ረዣዥም ዐጥንቶችና በጭን ዐጥንትም ላይ ይገኛል።

ሕመሙ መጀመሪያ የታወቀው በሯጮች ሳይሆን በወታደሮች ነው። በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረዥም መንገድ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚያማቸው ጻፈ፤ የሕመሙን ሥር ግን ሊያይ አልቻለም። በ1895 ሮንትገን ራጅን ካገኘ በኋላ፥ በ1897 ሽቴኾቭ የተባለ ሌላ ሐኪም እንዲህ ያለውን እግር በራጅ ቢመለከተው ዐጥንቱ ተሰንጥቆ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የጕዞ ስብራት ተባለ። ሆኖም ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ነው ቢባልም ሕመሙ ካልተወ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ኤም አር አይ የሚባለው ምርመራ ራጅ ያላየውን ቀድሞ ያያል።

በቤት ያሉ ሰዎች የሚያውቁበት ምልክት ይህ ነው። ተራ የጡንቻ ድካም በቅልጥሙ ርዝመት ላይ ተበትኖ ያማል፥ ሰውነት ሲሞቅም ይቀላል። የዐጥንት ስንጥቅ ግን በጣት በሚነካ በአንድ ስፍራ ላይ ያማል፤ በሩጫ መካከል እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይተውም፤ ሲቈይም በርምጃ ጊዜ፥ ኋላም በመኝታ ሌሊት ያማል። እንዲህ ሲሆን ጠንክሮ የሚያሽ ወጌሻ መፈለግ አይገባም፤ የጡንቻን ሥቃይ የሚያቀል እጅ የተሰነጠቀውን ዐጥንት ሊጐዳው ይችላልና።

በእግር ዐጥንት ላይ መቸኰል ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሊሮጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው የግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች ቢመረምሩት ከቅልጥም ጐን ያለችው ቀጭኗ ዐጥንት ተሰብራ ተገኘች፤ ውድድሩ እስኪደርስም በእግሩ እንዳይቆም ተመከረ። በቀኑ ተነሥቶ ሮጠ፤ ነገር ግን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ፤ ድሉንም ጓደኛው ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ለአገሩ አተረፈ። እንደዚሁም በ2008 እንግሊዛዊቱ ፓውላ ራድክሊፍ የጭኗ ዐጥንት ተሰንጥቆ ሳለ ለቤይጂንግ ማራቶን ደርሳ ሮጠች፥ ነገር ግን 23ኛ ወጣች። በዚያን ጊዜ ከእርስዋ ፈጥና ማራቶን የሮጠች ሴት በዓለም አልነበረችም። የእነዚህ ሰዎች ጽናት የሚጠረጠር አይደለም፤ ዐጥንት ግን በጽናት አይጋጠምም።

አሁን ወደ ማግኔቱ እንምጣ። በ1831 ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጠር አገኘ። በ1957 ፉካዳና ያሱዳ የተባሉ ጃፓናውያን ዐጥንት ሸክም ሲጫነው በራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አስታወቁ። ከዚህ በኋላ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሐኪም አንድሩ ባሴት ከባልደረቦቹ ጋራ፤ ዐጥንት በኤሌክትሪክ የሚነቃቃ ከሆነ፥ ሥጋን ሳንቀድ በማግኔት አማካይነት ከውጭ ልንልክለት እንችላለን ብሎ ተነሣ። የሽቦ ጥቅልል ከተሰበረው እግር ጋራ ይታሰራል፤ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እየመጣ እየተቋረጠ ሲመላለስ የማግኔቱ ኃይልም አብሮ ይነሣል ይወድቃል፤ ይህም በዐጥንቱ ውስጥ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ይህ ኃይል ዐጥንት ሠሪዎቹን እንደሚያነቃቃ በቤተ ሙከራ ታይቷል። በ1979 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይህ መኪና ሳይጋጠም ለቀረ ስብራት እንዲሠራበት ፈቀደ።

አንባቢዎቻችን ሦስት ነገሮችን እንዳያደባልቁ እናሳስባለን። አንደኛ፤ በገበያ የሚሸጠው በክንድ ወይም በቁርጭምጭሚት የሚታሰር ማግኔት ከዚህ መኪና ጋራ አንድ አይደለም፤ ባለበት የሚቆም ማግኔት፥ ፋራዴይ እንዳሳየው፥ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም። ሁለተኛ፤ ኤም አር አይ ብርቱ ማግኔት ቢኖረውም ለማየት ነው እንጂ ለማዳን አይደለም። ሦስተኛ፤ በአንዳንድ የሕክምና ቤት ጡንቻን በኃይል እያኰማተረ የሚለቅ ብርቱ የማግኔት መኪና አለ። እርሱ ጡንቻን ለማሠራትና ሕመምን ለማስታገሥ ይጠቅም ይሆናል፥ ዐጥንትን ስለ መጠገኑ ግን ያለው ማስረጃ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መኪናው በእውነት ያድናል ወይ የሚለው ነው። በፍርድ ቤት እንደምናየው፥ በቅን ልቡ የሚመሰክር ሰው ሁሉ ነገሩን በትክክል አይቷል ማለት አይደለም። «በማግኔት ታክሜ ዳንሁ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ አርፎ ነበርና፥ ያዳነው ማግኔቱ ይሁን ዕረፍቱ ከእርሱ ቃል ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ ሊቃውንት ታማሚዎችን በዕጣ ከሁለት ይከፍላሉ፤ ለአንዱ ወገን የሚሠራ መኪና፥ ለሌላው መልኩ አንድ የሆነ ነገር ግን የማይሠራ መኪና ይሰጣሉ፤ ታማሚውም ሐኪሙም የትኛው እንደ ደረሰ ሳያውቁ ውጤቱ ይመዘናል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ምስክርነት እንዲህ ነው። በ1990 በእንግሊዝ አገር ቅልጥማቸው ተሰብሮ መጋጠም የዘገየባቸው 45 ሰዎች በጄሶ ታስረው ቢፈተኑ፥ የማግኔቱ ወገን በራጅ የተሻለ ሆኖ ታየ። በ2011 የታተመው የአውስትራሊያ ምርመራ ግን ቅልጥማቸው ገና የተሰበረ 259 ሰዎችን ፈትኖ፥ ማግኔቱ ለሁለተኛ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከመታከም እንዳላዳናቸው አገኘ። በ2016 የ15 ፈተናዎች ውጤት አንድ ላይ ተደምሮ ሲመረመር፥ በኤሌክትሪክና በማግኔት የታከሙት ዐጥንታቸው በራጅ ሳይጋጠም የመቅረቱ ነገር በ35 ከመቶ ያህል ቀንሶ፥ ሕመማቸውም ጥቂት ቀልሎ ተገኘ፤ ወደ ሥራና ወደ እንቅስቃሴ በመመለስ ረገድ ግን ልዩነት አልታየም።

ለሯጮች ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በ2008 በአሜሪካ የታተመው ነው። ቅልጥማቸው በድካም የተሰነጠቀ 44 ወንዶችና ሴቶች በማግኔት ሳይሆን የማግኔቱ ዘመድ በሆነ የኤሌክትሪክ መኪና በቀን 15 ሰዓት እንዲታከሙ ተደረገ። ዳኑ የተባሉትም ያለ ሕመም በአንድ እግር ለ30 ሴኮንድ መዝለል ሲችሉ ነው። በጠቅላላው ሲታይ በሚሠራውና በማይሠራው መኪና መካከል ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ጕዳታቸው የበረታባቸው በሚሠራው መኪና ፈጥነው ዳኑ፤ ደግሞም መኪናው የረዳው ይበልጥ ለተጠቀሙበትና እግራቸውን ከሸክም ላሳረፉት ነው። እንግዲህ እየሮጡ በማግኔት እድናለሁ ማለት በአንድ እጅ እየገነቡ በሌላው እጅ ማፍረስ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ማግኔቱ ረዳት እንጂ ዋና ሐኪም አለመሆኑን ነው። የዋናውን ሥራ የሚሠራው ዕረፍትና ፊዚዮቴራፒ፥ ይኸውም በእንቅስቃሴ የሚደረግ ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚባለው መታሸት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ለተሰነጠቀ ዐጥንት ግን ሥራው ሸክምን በሚዛን መመለስ ነው። በመጀመሪያ ሩጫው ይቆማል፤ መራመድ የሚያም ከሆነ በምርኩዝ ይሄዳል። ያለ ሕመም መራመድ ሲቻል፥ ልብና ሳንባ እንዳይደክሙ ብስክሌት መንዳት ወይም በጥልቅ ውኃ ውስጥ መሮጥ ይፈቀዳል። ከዚህ ጋራ ተረከዝን ብድግ ዝቅ እያደረጉ ባትን፥ ደግሞም ጭንንና ዳሌን ማጠንከር ይገባል፤ ብርቱ ጡንቻ ከዐጥንቱ ላይ ሸክም ይቀንሳልና። ቀጥሎ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ፥ ከዚያም አንድ ደቂቃ እየሮጡ አንድ ደቂቃ እየተራመዱ አንድ ቀን እየዘለሉ መለማመድ ይመጣል። አስቀድሞ ርቀቱ ይጨመራል፥ ፍጥነቱ ኋላ ይመጣል፤ ሕመሙ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ለቅልጥም ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። የጭን ዐጥንት ከዳሌ ጋራ በሚገናኝበት አንገቱ ላይ፥ በቅልጥም ፊት ለፊት፥ ወይም በእግር ጀርባ ከቁርጭምጭሚት በታች ባለችው ዐጥንት ላይ የሆነ ስንጥቅ ግን አደገኛ ነው፤ ፈጽሞ ሊሰበርና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና በቤት ምክር የሚያዝ አይደለም።

እናቶች ደግሞ ስለ ምግብ ልብ እንዲሉ እንለምናለን። የሚሮጥ ልጅ ከሚያቃጥለው ያነሰ ከበላ ሰውነቱ የዐጥንቱን ጥገና ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህን ጕድለት ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ስም ሰጥቶታል። ሴት ልጅ ብዙ በመሮጧና ጥቂት በመብላቷ የወር አበባዋ ቢቋረጥ፥ ይህ የብርታት ምልክት ሳይሆን የዐጥንቷ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልጅቱ አፍራ እንዳትደብቀው እናት ቀድማ ትጠይቃት፥ ሐኪምም ትዩላት። ወተትና እርጎ፥ ጐመን፥ የጤፍ እንጀራ፥ ምስርና ሥጋ ወይም እንቍላል በበቂ መጠን፥ ከዚህም ጋራ የፀሓይ ብርሃንና ሙሉ እንቅልፍ ለዐጥንት ሠሪዎቹ ስንቅ ናቸው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። ስንጥቁ በምርመራ ታይቷል ወይ? በየትኛው ዐጥንት ላይ ነው? ወራት ዐልፈውት ሳይጋጠም የቀረ ነው ወይስ ገና አዲስ ነው? መኪናው ለዐጥንት የተፈቀደ ነው ወይ? በምን ያህል ሰዓትና ለስንት ወር ይታሰራል? ለዐጥንት የተፈቀዱት መኪናዎች አንዳንዶቹ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፥ ሌሎቹ ከ3 እስከ 10 ሰዓት፥ ያውም ለብዙ ሳምንታት የሚታሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ «በሁለት ሦስት ቀን ያድናል» የሚል ሰው ቢመጣ የሚናገረው የተፈተነውን አይደለም። ደግሞም በደረቱ የልብ ምት መኪና የተቀበረለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይቀርበው፥ ነፍሰ ጡርም እንዳትታከምበት ይመከራል። በተሰበሩት ጫፎች መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ ወይም ስብራቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ማግኔቱ አይረዳም።

እኚያ አባት ተመልሰው በመጡ ጊዜ ይህን ሁሉ በዐጭሩ ነገርናቸው፤ «የልጅዎ ስንጥቅ ገና የሁለት ወር ነው፥ የሚታከማትንም ሐኪም ይጠይቁ፤ ሳይጋጠም ከቀረና ሐኪሙ ራሱ ካዘዘ ያን ጊዜ ስለ መኪናው እንነጋገራለን። አሁን ግን በሬዎን አይሽጡ። ያለዎትን ገንዘብ ለምግቧና ፊዚዮቴራፒ ለሚያውቅ ባለሙያ ያድርጉት» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፤ «ልጄ የምትፈራው ሕመሙን አይደለም፤ ጓደኞቿ ጥለዋት እንዳይሄዱ ነው። በስውር እየሮጠች ይመስለኛል» አሉን።

ይህ ቃል ካነበብነው ሁሉ ይልቅ ጕዳዩን ገለጠልን። ለካ ቤተ ሰቡ መግዛት የፈለገው መኪና ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ጊዜን ግን የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የታመመ ሯጭ በቤታችሁ ቢኖር፥ መቼ ትሮጣለህ፥ መቼ ትሮጫለሽ እያላችሁ አታስቸኵሉ። አሠልጣኙም ቦታዋን እንዲጠብቅላት አባት ሄዶ ይነጋገር። የሽማግሌው አባት ልጅ ከዚህ በኋላ በአባትዋ ፊት እውነቱን ተናግራ ሩጫውን እንዳቆመች፥ በሬውም እንዳልተሸጠ ሰምተናል። ገና አልሮጠችም፤ ነገር ግን ያለ ሕመም መራመድ ጀምራለች።